ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ እርዱ እንክብል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የእናትሽም ደም ግፊት ተስተካክሏል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ እኅትሽ ትናንት በስልክ የነገረችኝ ነገር ነው። ጥርስሽን ስትቦርሺ ድድሽ እንደሚደማ፣ ክንድሽ ሳይመታ እንደሚበልዝ፣ ለጉልበትሽ ሕመም ብለሽም እዚያው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ ሱቅ የእርድ እንክብልና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ገዝተሽ መውሰድ ከጀመርሽ እንደሰነበትሽ ሰማሁ። ለሐኪምሽ ነግረሽ እንደሆነ ብጠይቃት ዝም አለች። አንቺ በልብሽ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለሽ፣ ማታ ማታ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የምትውጪ ሰው ነሽ፤ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ ምንም ዓይነት የዕፅ እንክብል አትውሰጂ።

ይህን የምልሽ ዕድሜዬን በመድኃኒት ቤት ስለጨረስሁና የአገሩን መድኃኒት ስለናቅሁ አይምሰልሽ። የምፈራው ዕፆቹ የማይሠሩ ስለሆኑ ሳይሆን የሚሠሩ ስለሆኑ ነው። በእኛ ወንዝ ዳር የሚበቅለውን አኻያ ታውቂዋለሽ። ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የአኻያ ልጥ ትኩሳት እንደሚያበርድ በ1763 ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ ጻፈ (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)፤ በ1828 ሳሊሲን የተባለው ንጥረ ነገር ከልጡ ተለየ፤ በ1899 ደግሞ የዚሁ ዘመድ የሆነው አስፕሪን ለገበያ ቀረበ። አሠራሩን እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን የገለጠው ግን በ1971 ነበር፦ አስፕሪን እብጠት፣ ሕመምና ትኩሳት የሚቀሰቅሱት ፕሮስታግላንዲኖች እንዳይመረቱ ያግዳል፤ በዚያው መንገድ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶችም እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚንና በዝንጅብል ውስጥ ያለው ጂንጀሮልም በላቦራቶሪ ሲፈተኑ በዚሁ መንገድ ላይ እጃቸውን ያስገባሉ። ስለዚህ ጉልበትሽን ያሳረፈልሽ ነገር ድድሽን ቢያደማ ሊያስደንቅሽ አይገባም።

አጎትሽን ሳስብ ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ልጅ ሳለን ጉሮሮውን ታመመ፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጉልበቱ አበጠ፣ ከዚያ እብጠቱ ወደ ክርኑ ዞረ። አያትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹ፤ ጭማቂውን በቡና አጠጡት። ቅጠሉን ከጓሮ የምቀጥፍላቸው እኔ ነበርሁ። ትኩሳቱም በረደ፣ እብጠቱም ጎደለ፣ ቤቱ በሙሉ ደስ አለው። ዳማከሴ ትኩሳት እንደሚያበርድ በኋላ በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራም ስለታየ አያትሽን ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። ነገር ግን ከጉሮሮ ቁስል በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ሕመሙ ሲታገሥም የልብን ቫልቭ መጉዳቱን አይተውም፤ ጉሮሮውን ያቆሰለውን ጀርም የሚያጠፋው ፔኒሲሊን ነበር፣ እርሱም በአካባቢያችን አልነበረም። ወንድሜ ዳገት መውጣት ሲያቅተው ሁላችንም ስንፍና መሰለን። በአንቺ ልብ ላይ ያው በሽታ ሲገኝ የሆንሁትን እናትሽ ታውቃለች።

ወደ እንክብሉ ልመለስ። በአልጫ ወጥ ውስጥ ያለው እርድ፣ በዳቦው ላይ የሚነሰነሰው ጥቁር አዝሙድ አያሳስበኝም፤ እንደ ልማድሽ ብዪ። በእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ 500 ሚሊግራም ኩርኩሚን ያለበት አንድ እንክብል እንግዲህ ከ16 ግራም በላይ እርድ መዋጥ ነው፣ ይህን ያህል በወጥ የሚጨምር ባለሙያ አላየሁም። ከዚህም የከፋው ብዙዎቹ እንክብሎች የቁንዶ በርበሬው ፒፐሪን የተጨመረባቸው መሆኑ ነው። ኩርኩሚን ብቻውን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ሲሆን ፒፐሪን ሲታከልበት 20 እጥፍ ያህል እንደሚጨምር በ1998 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ይህንንም የሚያደርገው አንጀትና ጉበት የሚያስወግዱትን በማዘግየት ስለሆነ የሌላ መድኃኒት መወገድም አብሮ ሊዘገይ ይችላል። በኒውዚላንድ ዋርፋሪን የሚወስድ አንድ ሰው የእርድ ምርት ከጀመረ በኋላ አይ ኤን አሩ (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካበት ቁጥር) ከ10 በላይ መውጣቱን የአገሩ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 አስታውቋል። የአንቺ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን የታዘዘ ነው። ልጄ፣ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትውሰጂ!

ዋርፋሪንም ቢሆን ሥሩ ከዕፅ ነው። በሰሜን አሜሪካ ስዊት ክሎቨር የተባለ የመኖ ተክል የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች እየደሙ ሲሞቱ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ፈልገው ደም እንዳይረጋ የሚያግደውን ዲኩማሮልን አገኙ፤ የእርሱ ዘመድ የሆነው ዋርፋሪን መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ሆኖ ተሸጠ፣ በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። መድኃኒት የሚያደርገው ልኩ ብቻ ነው።

አሁን የምልሽን ሳትውዪ ሳታድሪ አድርጊ። ወደ ክሊኒኩ ደውለሽ ደምሽን ተመርመሪ፤ የሁለቱንም ጠርሙሶች ፎቶ ከጀርባ ጽሑፋቸው ጋር ለነርሷ አሳዪ። ዋርፋሪኑን ግን በራስሽ ፈቃድ እንዳታቋርጪ፣ ቫልቭሽ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ለጉልበትሽም ከፋርማሲ አይቡፕሮፌን እንዳትገዢ፤ የሚሆንሽን እነርሱ ይንገሩሽ። ሰገራሽ ከጠቆረ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ከያዘሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ጾሙ ሲገባ ጎመን እንደምታበዢ አውቃለሁ፤ በጎመን ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪኑን ስለሚያደክም የምትበዪውን የጎመን መጠን ከሳምንት ሳምንት አታለዋውጪ፣ የጾሙን መግቢያና መፍቻም አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

እናትሽ በሰው የምትልክልሽን ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች። አንድ ጠርሙስ የጥቁር አዝሙድ ዘይትም በነጠላ ጠቅልላ ከሥር አስገብታ ነበር፤ እርሱን አውጥቼ በቦታው ማር አድርጌበታለሁ፣ እስካሁን አላየችም።

አባትሽ