የሳይንስና ፈጠራ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ማንነቱ ያልታወቀው ባለ አራት ጎማ

የሳይንስና ፈጠራ ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን ካከናወናቸው ተግባራት መካከል የአባላትን ጊዜና ጉልበት ከሁሉ በላይ የወሰደው፣ ለትምህርት ቤቱ ከተበረከቱ አሮጌ ዕቃዎች ጋር ተደባልቆ የመጣ አንድ እንግዳ መሣሪያ ምን እንደሆነ የማጣራቱ ሥራ ነው። ዐውደ ርዕዩም ሆነ የጥያቄና መልስ ውድድሩ እንደ ወትሮው ስለተካሄዱ በእነርሱ ላይ አልቆይም።

መሣሪያው ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርዝመት ያለው፣ ዝቅ ያለ የብረት አካል ሲሆን በአራት ባለ ራጂ ጎማዎች ላይ ቆሟል። ጎማዎቹ አየር የማይሞሉ፣ ድፍን ላስቲክ የለበሱ ናቸው፤ የኋላዎቹም ከፊተኞቹ ይበልጣሉ። በመካከሉ ጠባብ የእንጨት መቀመጫ አለው። ከመቀመጫው ፊት ለፊት ጫፉ ላይ አግድም እጀታ የተሰካበት ረጅም የብረት ማንሻ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ ክዳን የሌላቸው ሁለት ጥርሳማ መዘውሮች እርስ በርሳቸው ተናክሰው ይታያሉ። ፔዳል የለውም፣ ካቴና የለውም፣ መሪ የሚመስል ነገርም የለውም፤ ፍሬን ጨርሶ አልተገኘበትም። የግምጃ ቤት ኃላፊው ገና እንደደረሰ «እንዳይነካ» የሚል ወረቀት ለጥፈውበት ነበር፤ ወረቀቱ ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስ ባለበት እንዲቆይ እኔም ተስማምቻለሁ።

በመጀመሪያው ስብሰባ የቀረቡት ግምቶች ብዙ ነበሩ። ገሚሱ የስፖርት መለማመጃ ነው አለ፤ ገሚሱ የባቡር ሐዲድ ጥገና ሠራተኞች የሚሳፈሩበት ጋሪ ነው አለ፤ አንድ የ9ኛ ክፍል አባልም የውኃ መሳቢያ ፓምፕ መሆኑን በቁም ነገር ተከራከረ። ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረን ግን አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል ያቀረበችው ሐሳብ ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከእጅ ስለሆነ እግራቸው ለማይታዘዝላቸው ሰዎች የተሠራ ተሽከርካሪ መሆን አለበት አለች። በእጅ የሚነዱ ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪዎች መኖራቸውን ሁላችንም ስለምናውቅ ሐሳቡ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም።

መቼና የት ተሠራ ከሚለው ጥያቄ በፊት የትኛው የሰውነት ክፍል ምኑን ያንቀሳቅሳል የሚለውን እንድናስቀድም ተስማማን። ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ መሣሪያውን በሁለት ጠንካራ አግዳሚ ወንበሮች ላይ አሳርፈን፣ አንድ አባል ማንሻውን በዝግታ ሲገፋና ሲስብ ሌሎቹ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ በደብተራቸው ላይ ሣሉ። ማንሻው በረጅም ዘንግ ከትልቁ መዘውር ጋር ተያይዟል፤ ዘንጉ መዘውሩን የያዘው ከመሐሉ ወጣ ባለ ቦታ ላይ ስለሆነ የእጅ መግፋትና መሳብ ወደ ዙር ይለወጣል። ትልቁ መዘውር 36፣ ትንሹ ደግሞ 18 ጥርስ ስላላቸው ማንሻው አንድ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ የኋላ ጎማዎቹ ሁለት ጊዜ ይዞራሉ። የፊተኛው አክስል በመካከሉ በአንድ ቡሎን ብቻ ተይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በአክስሉ ሁለት ጫፎች አጠገብ፣ የሕፃን ጫማ ስፋት በሚያህል ቦታ ላይ፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ለስልሷል። መሪው እግር ነበር ማለት ነው።

የተሽከርካሪ ወንበሩ ሐሳብ በዚህ ወደቀ፤ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ይህን መሣሪያ ወደፊት መንዳት ይችል ይሆናል፣ ማጠፍ ግን አይችልም። ይህን ቀድማ የተናገረችው ሐሳቡን ያመጣችው አባል ራሷ ስለሆነች በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍርላት አድርጌያለሁ። ከመቀመጫው እስከ አክስሉ ያለው ርቀትም ሲለካ አዋቂ ሰው እግሩን ሊዘረጋበት የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በእጃችን ያለው ሕፃናት ተቀምጠው የሚነዱት መጫወቻ ነው።

ቀጥሎ የነበረው ሥራ ዘሩን መለየት ነው። አባላቱ ልጆች የሚሳፈሩባቸውን አሮጌ መጫወቻዎች በኃይል ምንጫቸው ከፋፈሏቸው። በእግር ከሚነዱት መካከል በደቡብ ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ በሳንባ ሕመም ከከሰል ማዕድን ሥራ የተሰናበቱ ሠራተኞች ይገጣጥሟት የነበረችው ኦስቲን ጄ40 የተባለች የፔዳል መኪና ትገኛለች። በሰውነት ክብደት ከሚነዱት ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ የተሠራው ሞቦ ብሮንኮ የተባለው የላሜራ ፈረስ አለ፤ ልጁ እርካቡን ሲጫን ፈረሱ ዝቅ ይላል፣ ሲለቀው ሞላው ያነሣዋል፣ ጎማዎቹ ወደ ኋላ እንዳይዞሩ ስለተደረጉም በእያንዳንዱ ጫና ጥቂት ወደፊት ይሄዳል። (ይህ ፈረስ አባላቱን እጅግ ስላስደሰታቸው የስብሰባ ጊዜያችን ከፊሉ በእርሱ አለቀ።) ፍሌክሲ ሬሰር የተባለው የአሜሪካ መጫወቻ ደግሞ ልጁ በሆዱ ተኝቶበት ቁልቁለት የሚወርድበት ነው። ክንድ እየነዳው እግር የሚመራው፣ ማንሻው ከፊት፣ ኃይሉ ወደ ኋላ አክስል የሆነው ግን አይሪሽ ሜይል በሚል ስም የሚታወቀው የእጅ መኪና ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ አንደርሰን ከተማ የነበረው ሂል ስታንዳርድ የተባለ ኩባንያ ከታወቁት ሠሪዎቹ አንዱ ነበር። የእኛ መሣሪያ ከዚህ ዘር ጋር በሁሉም ዋና ዋና ክፍሎቹ ይስማማል።

ከዘሩ አልፈን የተሠራበትን አገር ለመገመት የረዳን አንድ ቡሎን ነው። በአሮጌ ዕቃ ላይ ያለ ቡሎን ኋላ የተተካ ሊሆን ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ቀለም ከአካሉ ተነሥቶ ራሱ ላይ ሳይቋረጥ የፈሰሰበትን ብቻ እንድንመርጥ ተወሰነ፤ ማንሻውን ከመሠረቱ ጋር የያዘው ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው ቡሎን እንዲህ ያለ ነበር። ከጫፉ በዳዶ ያልተሸፈነውን ክፍል በእርሳስ በጠቆረ ወረቀት ላይ ተጭነን የጥርሶቹን አሻራ ወሰድን፤ ከዚያም መስመሮቹን ሳይሆን በመስመሮቹ መካከል ያሉትን ክፍተቶች ቆጠርን። በአንድ ኢንች ውስጥ 13 ሆኑ። ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ባቀረበው የእንግሊዝ ሥርዓት ግማሽ ኢንች ቡሎን በአንድ ኢንች 12 ጥርስ ሲኖረው፣ ዊልያም ሴለርስ በ1864 ባቀረበው የአሜሪካ ሥርዓት ግን 13 ነው። በብዙዎቹ ሌሎች ውፍረቶች ሁለቱ ሥርዓቶች በጥርስ ቁጥር እኩል ስለሆኑ፣ ቡሎናችን ልክ ልዩነቱ በሚታይበት ውፍረት መገኘቱ ዕድል ነው ማለት ይቻላል። ዕድሜውን በተመለከተ ያለን ማስረጃ ደካማ ነው፤ በመላ አካሉ ላይ ባለ አንድ ስንጥቅ ብሎኖች እንጂ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ወደ ገበያ የወጣው ባለ መስቀል ራስ ፊሊፕስ ብሎን አንድም አልተገኘም፤ ነገር ግን ባለ አንድ ስንጥቁ ዛሬም ስለሚሠራ ይህ ብቻውን ዘመን አይቆርጥም።

ከዓመቱ ሥራ በትምህርት ረገድ የላቀ ዋጋ የምሰጠው የአደጋው ጥናት ነው፤ ምክንያቱም ሲታይ የሚያስፈራውና ተሳፋሪውን በእርግጥ የሚጎዳው ክፍል የተለያዩ ሆነው ተገኝተዋል። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ አባል አደገኛ በሚለው ክፍል ላይ ቀይ ወረቀት እንዲለጥፍ ተጠይቆ ነበር። ወረቀቶቹ በመዘውሮቹ ዙሪያ ተከመሩ፤ በማንሻው እጀታ ላይ ግን አንድም አልተለጠፈም።

መዘውሮቹ በእርግጥ አደገኛ ናቸው። በጥርሶቹ መካከል የተደረገ ጠመኔ ማንሻው በዝግታ ሲሳብ እንኳ ዱቄት ሆኖ ወጥቷል። ይሁንና ተሳፋሪው በሁለት እጁ እጀታውን ስለሚይዝ ጣቱ እዚያ የሚደርስበት አጋጣሚ ጠባብ ነው። የሚጎዱት አጠገቡ የሚቆሙት ናቸው። ለምን አጠገቡ እንደሚቆሙ ያገኙት ደግሞ የ11ኛ ክፍል አባላት ናቸው፦ ዘንጉና የመዘውሩ መሐል በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ ማንሻው የቱንም ያህል ቢገፋ መዘውሩን ማዞር አይችልም። መሣሪያው እንዲህ ሆኖ ከቆመ ልጁ ብቻውን ሊያስነሣው ስለማይችል ጓደኛው ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ ይገፋለታል፤ የጓደኛው እጅም ከመዘውሮቹ የሚርቀው አንድ ጋት ያህል ነው።

የተሳፋሪው ጠላት ማንሻው ነው። በመዘውሮቹና በጎማዎቹ መካከል ነጻ ዙር የሚፈቅድ ምንም ነገር ስለሌለ፣ ጎማዎቹ ሲዞሩ ማንሻው የግድ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የኋላው ጎማ ዲያሜትር 30 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በአንድ ዙር 94 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ማንሻው አንድ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ መሣሪያው 188 ሴንቲ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢደርስ፣ ማንም ሳይነካው ማንሻው በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይመላለሳል። ወደፊት ያጎነበሰ ልጅ ደረቱን ወይም አገጩን ይመታዋል። ልጁ ደንግጦ እጀታውን ከለቀቀ ደግሞ ያለውን ብቸኛ ማቆሚያ ለቀቀ፤ መሬት ረግጦ ሊያቆመው እግሩን ከአክስሉ ሲያነሣም መሪውን አጣ።

በዚህ ነጥብ ላይ በአባላቱ መካከል ጥሩ ክርክር ተነሥቷል። የአውሮፓ የመጫወቻ ደኅንነት ደረጃ የሆነው ኢኤን 71 ጎማቸው ከመንጃው ተለይቶ በነጻ ሊዞር የሚችል የሚሳፈሩባቸው መጫወቻዎች ፍሬን እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ መንጃው ከጎማው ጋር በቀጥታ ለተያያዘው ግን ይህን ግዴታ አያነሣም፣ ልጁ መንጃውን በመያዝ ማቆም ይችላልና። አንዳንዶቹ እንግዲያው የእኛ መሣሪያ ያለ ፍሬን መሠራቱ ነቀፋ የለበትም አሉ። በሜዳ ላይ ትክክል ናቸው። ቁልቁለት ላይ ግን የሕፃን ክንድ የሚመላለሰውን ማንሻ ገትቶ ማቆም መቻሉን እጠራጠራለሁ፤ ማንንም አሳፍሮ መሞከር ስለማይገባም ጥያቄውን በስሌት ብቻ ተወጥተነዋል። ያው ደረጃ በሚንቀሳቀሱ ክፍሎች መካከል 5 ሚሊ ሜትር ዘንግ የሚያስገባ ክፍተት ካለ 12 ሚሊ ሜትሩንም ማስገባት እንዳለበት ይደነግጋል፤ ጣት ገብቶ እንዳይቀር ነው። ከመቀመጫው ሥር ያለው ክፍተት የመጀመሪያውን ተቀብሎ ሁለተኛውን መልሷል።

ዓይን የማያየው አደጋ ቀለሙ ነው። በዚያ ዘመን ቀለሞች ውስጥ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት መጨመሩ የተለመደ ነበር፤ አሜሪካ ከ0.06 በመቶ በላይ ሊድ ያለበትን ቀለም በመጫወቻዎች ላይ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ በ2009 ደግሞ ወሰኑን ወደ 0.009 በመቶ ዝቅ አድርጋለች። ስለዚህ ቀለሙ ሊድ እንዳለበት ቆጥረን ሠርተናል። ማንም በካርታቢትራ እንዳይፍቀው፣ አቧራው በደረቅ መጥረጊያ እንዳይጠረግ፣ ጓንት እንዲደረግና ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና እንዲታጠብ ተደርጓል። አዲስ ቀለም ቀብተን እናሳምረው የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ቢቀርብም አልፈቀድኩም፤ ለጤናው ብቻ ሳይሆን በአክስሉ ላይ ያለው የጫማ አሻራና በቡሎኑ ራስ ላይ የፈሰሰው ቀለም እንዳይጠፉብን ነው።

በአሁኑ ጊዜ መሣሪያው በቤተ ሙከራው መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ማንሻው በሽቦ ታስሮ፣ መዘውሮቹ ተነቃይ በሆነ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ተሸፍነው ይገኛል። የአባላቱ ሥዕሎች፣ የቡሎኑ አሻራና ስሌቶቹ በክበቡ መዝገብ ውስጥ ተያይዘዋል። የሠሪውን ስም ለማወቅ የቀረን ምልክት ከመቀመጫው ፊት ያሉት ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ርቀታቸው 58 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ቀለም በሞላላ ቅርጽ ከዙሪያው ይልቅ ደማቅ በመሆኑ ስም የያዘ ሳህን ተነቅሎ እንደወደቀ ያመለክታል። የሞላላው ልክና ፎቶግራፉ ለቀጣዩ ዓመት ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ተላልፏል።