የዶላሩን ዋጋ ነገራችሁን፣ ውጭ አገር ካርድ ላይ የሚቆረጠውንስ ማን ይንገረን?

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ

በየጊዜው የምታወጡትን የባንኮች የምንዛሪ ሰንጠረዥ እኛ ደብረ ማርቆስ ያለን ሰዎች በደንብ ነው የምንከታተለው፣ ስክሪንሹት እየተደረገ በቴሌግራም ግሩፕ ይዞራል። ዶላር ስንት ገባ፣ የትኛው ባንክ በስንት ይሸጣል፣ ይሄን አሁን ሁሉም ያውቃል። ያልተነገረን ግን ዶላሩን ከገዛን በኋላ ውጭ አገር ገንዘቡን ልንጠቀም ስንል በየደረጃው የሚቆረጠው ነው። እሱን የሚጽፍ አላየሁም፣ የባንክ ሠራተኛም ካልተጠየቀ አይናገርም፣ ሲጠየቅም "ትንሽ ነው የሚቆርጠው" ብሎ ያልፋል። ትንሽ አይደለም።

ከጎጃም ውጭ አገር የሚሄደው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አብዛኛው ለሽርሽር አይደለም። ታማሚ ይዞ ባንኮክ ወይ ህንድ የሚሄድ አለ፣ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ሊሳለም የሚሄድ አለ፣ ከባህር ዳር ዱባይ ተመላልሶ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ አለ። የሚይዘው ገንዘብ ደግሞ የቢቸና ጤፍ ወይ የቡሬ በርበሬ ተሸጦ፣ እቁብ ወጥቶ፣ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ የተጠራቀመ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ያ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ስለዚህ እዚያ ኤቲኤም ላይ በአንድ በተን የምትሄድ 10 ዶላር እዚህ የቀን ሠራተኛ የስንት ቀን ድካም ናት።

አክስቴን ይዤ ባንኮክ የሄድኩት ለህክምና ነበር። ዶላሩን ከባንክ በሷ ፓስፖርት፣ በቪዛዋና በደርሶ መልስ ትኬቷ ገዛን፣ ግማሹን በጥሬው ሰጡን ግማሹን ፕሪፔድ ካርድ ላይ ሞሉልን። (በብር አካውንታችን ላይ የምንይዘው የኤቲኤም ካርድ አብዛኛው ከአገር ሲወጣ አይሠራም፣ በቴሌብርም እዚያ ሱቅ ገብተህ አትከፍልበትም፣ ይሄን ሳያውቅ ቦሌ የሚደርስ ሰው አሁንም አለ።) ሆስፒታሉ አጠገብ ያለ ኤቲኤም ላይ ቆምን፣ ፒኑን አክስቴ ራሷ ናት የምትነካው ለኔም አታሳይ፣ 10,000 ባት (የታይላንድ ገንዘብ ነው) ጠየቅን። ማሽኑ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ለውጭ ካርድ 220 ባት እንደሚያስከፍል ነገረን፣ እሺ አልን። ቀጥሎ ባቱን ወደ ዶላር ቀይሮ ከካርዳችሁ ይሄን ያህል ዶላር ይቆረጣል የሚል አመጣ፣ ከሥሩ ሁለት በተን አለ፣ አንዱ አክሴፕት ኮንቨርዥን (ምንዛሪውን ተቀበል) አንዱ ዲክላይን ኮንቨርዥን (ምንዛሪውን አትቀበል)። ዲክላይን ሲባል ማንም ሰው ገንዘቡን የሚከለክለው ነው የሚመስለው። አክስቴ ጣቷን አክሴፕቱ ላይ ልታሳርፍ ስትል ከኋላችን ሰልፍ የያዘች አበሻ አስታማሚ "እትዬ፣ ተዉት እሱን! ዲክላይኑን ይጫኑት፣ ገንዘቡ ይወጣል አይስጉ" አለች። ተጫነችው፣ ወጣ። በኋላ ማሽኑ ሊቆርጥ የነበረውን ዶላርና ካርዱ ላይ በእውነት የተቆረጠውን ሳስተያይ ነው ይሄ ነገር ጋዜጣ ላይ መውጣት አለበት ያልኩት።

ስሙ ዳይናሚክ ከረንሲ ኮንቨርዥን ነው። ዲክላይን ስትል ምንዛሪውን የሚሠራው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው፣ የነሱ የቀን ዋጋ ደግሞ ዌብሳይታቸው ላይ ለማንም ክፍት ነው ገብቶ ማየት ይቻላል። አክሴፕት ካልክ ግን የማሽኑ ባለቤትና አብሮት የሚሠራው ድርጅት በራሳቸው ዋጋ ይቀይሩልሃል፣ ትርፋቸውንም እዛው ዋጋው ውስጥ ነው የሚከቱት። ጭማሪው ከማሽን ማሽን ይለያያል፣ 3 በመቶ የሚወስድ አለ ከ10 በመቶ በላይ የሚወስድም አለ። 300 ዶላር ስታወጣ 8 በመቶ ቢጨምሩብህ 24 ዶላር ሄደ ማለት ነው፣ በዛሬው ምንዛሪ ከ3,000 ብር በላይ፣ እሱም ለአንድ ጊዜ ብቻ። ሱቅና ሆቴልም ያው ነው፣ ካሸሩ የካርድ መክፈያውን ፖስ ማሽን አዙሮ በዶላር ይሁን በባት ይልሃል፣ መልሱ ሁሌም ያገሩ ገንዘብ ነው። ባንኮክ ባት፣ ህንድ ሩፒ፣ ዱባይ ድርሃም፣ ኢየሩሳሌም ሼክል። ሳይጠይቅህ በዶላር ካደረገውም ከመፈረምህ በፊት ሰርዞ እንደገና ይምታው፣ ምርጫው የባለ ካርዱ እንደሆነ በካርድ ድርጅቶቹ ሕግ ላይ ያለ ነው፣ ማፈር አያስፈልግም። የኛ ሰው ደግሞ ይሉኝታ አለበት፣ ሰልፍ ያዝኩባቸው ብሎ ዝም ይላል።

ስለዛች 220 ባት ልመለስ። እሷን ማስቀረት አይቻልም፣ ማሳነስ ግን ይቻላል። 2,000 ባት ብቻ ስታወጣ 11 በመቶ ከፈልክ፣ 20,000 ስታወጣ 1.1 በመቶ ነው፣ ክፍያው አይለወጥማ። በዛ ላይ ካርዱን የሰጠው የኛው ባንክ ደግሞ በያንዳንዱ ማውጣት ላይ የራሱን ይጨምራል። ስለዚህ ኪሴ ብዙ ገንዘብ አይያዝ ብለው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚያወጡ አስታማሚዎች ለጥንቃቄ ብለው ነው የሚጎዱት፣ ማሽኑና ካርዱ የፈቀደውን ያህል አንዴ አውጥቶ ሆቴል ካዝና ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ኤቲኤሙም ባንክ ግቢ ውስጥ ያለው ቢሆን፣ በሥራ ሰዓት፣ ካርድ ቢውጥ ገብተህ የምታናግረው ሰው አለ።

ጥሬ ዶላር የያዘ ሰውስ? እሱም ቦታ ይምረጥ። ባንኮክ ሱቫርናቡሚ ኤርፖርት ሻንጣ የሚወሰድበት አካባቢ ያሉት የምንዛሪ መስኮቶች የሚሰጡትና እዛው ኤርፖርት ምድር ቤት፣ ከተማ የሚወስደው ባቡር ጋ ያሉት ትናንሽ ቢሮዎች የሚሰጡት አንድ አይደለም፣ የታችኞቹ በግልጽ ይሻላሉ፣ በሊፍት ወርዶ መሄድ ነው። ፓስፖርት ይጠይቃሉ። ባለ 100 ዶላር ኖት ከትናንሾቹ በተሻለ ዋጋ ይገዛሉ፣ ስለዚህ እዚህ ባንክ ስትገዙ ባለ መቶ ጠይቁ፣ ግን አዲሱን፣ መሀሉ ላይ ሰማያዊ ጭረት ያለውን። እሱ ከ2013 እ.ኤ.አ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ነው። የአሜሪካ መንግሥት አሮጌውም ይሠራል ነው የሚለው፣ ብዙ መንዛሪዎች ግን ወይ አይቀበሉም ወይ ይቀንሱበታል፣ እስክሪብቶ የነካውን፣ የተቀደደውን፣ ማኅተም ያለበትንም እንደዛው። መስኮቱ ላይ ሆናችሁ አንድ በአንድ እዩት፣ ከኋላ ያለው ሰው ቢያጉረመርምም። የባንኩን ወረቀት ደግሞ አትጣሉ፣ ስትወጡ ጉምሩክ ይጠይቃችኋል፣ ከጥቁር ገበያ የገዛ ሰው እሱን ወረቀት ከየት ያመጣል። ህንድ የሚሄድ ደግሞ ከ5,000 ዶላር በላይ በጥሬው ከያዘ ኤርፖርት ላይ ማስመዝገብ አለበት፣ እዛ የመነዘረበትን ደረሰኝ ይያዝ፣ የተረፈውን ሩፒ መልሶ ዶላር ለማድረግ እሱን ይጠይቁታል።

ዱባይ ለሚመላለሱት ነጋዴዎች ነገሩ ይቀላል። ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ ጀምሮ ለ1 ዶላር 3.6725 ተብሎ የታሰረ ነው፣ አይወጣም አይወርድም። ስለዚህ መንዛሪው 3.50 ካለህ ወደ 5 በመቶ እየወሰደ ነው፣ ካልኩሌተር ይዘህ መውጣት ትችላለህ።

ለኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ስቅለት አርብ ነው የሚውለው፣ እዚያ ደግሞ አርብ ከሰዓት በኋላ የአይሁድ ሰንበት ይገባል፣ ቅዳሜን ጨምሮ ባንክና ብዙ መንዛሪ ዝግ ነው፣ የአይሁድ ፋሲካም ከኛ ጋር የሚገጥምበት ዓመት አለ። ዴር ሱልጣን ደርሰው ሻማ መግዣ ሼክል ያጡ እናቶች ሰው እየለመኑ ቆሙ ሲባል መስማት ያማል፣ ሐሙስ ጠዋት መመንዘር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የጉዞ ማኅበራት ስለ ልብስና ስለ ምግብ እንደሚናገሩት ይሄንንም ከመነሳት በፊት ቢናገሩ።

ሌላ የሚረሳ ነገር፣ ሆቴል ስትገባ በፕሪፔድ ካርዱ ዋስትና ብለው ገንዘብ ይይዛሉ። ቆረጡት ማለት አይደለም ግን አትነካውም፣ ከወጣህ በኋላም እስኪለቀቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ ለመድኃኒት ያስቀመጥከው ሊሆን ይችላል። ዋስትናውን በጥሬ ገንዘብ ልስጥ ብትላቸው ብዙዎቹ ይቀበላሉ። ኦንላይን ስትከፍል በኤስኤምኤስ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥርም የሚመጣው ባንክ ባስመዘገብከው ሲም ነው፣ እሱ ደግሞ ሮሚንግ ከሌለው እዚያ አይሠራም፣ ካገር ሳትወጣ አስከፍተው።

አሁን ወደ ባንኩ ልምጣ፣ ስሙን አልጠራም፣ የአንድ ባንክ ጉዳይም አይመስለኝም። ካርዱን ሲሰጡን የፈረምንበት ቅጽ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበር፣ አክስቴ አማርኛ በደንብ ታነባለች እንግሊዝኛ አታነብም፣ ክፍያውን ጠይቀን "ሲስተሙ ነው የሚቆርጠው" ነው የተባልነው። ከተመለስን በኋላ ስቴትመንቱን ስናወጣ በያንዳንዱ ማውጣት ቋሚ ክፍያ አለ፣ በላዩ ላይ በመቶኛ የሚሰላ አለ፣ ሂሳብ ስንት ቀረ ብሎ ለማየት እንኳ ለብቻው ተቆርጧል። አክስቴ በየማታው ስንት ቀረኝ እያለች ስታይ ነበር፣ ህመምተኛ ናት፣ ገንዘቧ እንዳያልቅ ትሰጋለች። አንድ ሰው ቀድሞ ባላንስ ማየት ያስከፍላል ቢላት ባልነካችው። ካርዱ ላይ የቀረው ዶላር እንዴት እንደሚመለስም እዚህ ቅርንጫፍ የሚያውቅ አልነበረም፣ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ሂዱ ተባልን፣ 300 ኪሎ ሜትር፣ ያውም መንገዱ ክፍት ሲሆን።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ካርዱ ሲሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ፣ ለማውጣት ስንት፣ ለመግዛት ስንት፣ ባላንስ ለማየት ስንት፣ የተረፈው በምን ይመለሳል፣ ኤቲኤም ላይ ኮንቨርዥን ሲጠየቅ ምን ይመረጣል። ይሄን ቅርንጫፉ በራሱ ፕሪንተር አውጥቶ መስጠት ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 እ.ኤ.አ ጀምሮ በኅብረቱ ገንዘቦች መካከል በካርድ ሲመነዘር ጭማሪው ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዋጋ በስንት በመቶ እንደሚበልጥ ለደንበኛው ቀድሞ ይነገረው ብሎ በሕግ አስገድዷል፣ የኛ ብሔራዊ ባንክም የአገራችን ባንኮች ለውጭ አገር የሚሰጡትን ካርድ በተመለከተ ተመሳሳይ መመሪያ ቢያወጣ ማን ይጎዳል? ባንኮቹ ክፍያውን አይውሰዱ አላልኩም፣ አገልግሎት ነው ያስከፍላል፣ ግን ይነገረን።

እናንተ ደግሞ የምንዛሪ ሰንጠረዡ አጠገብ አንድ አምድ ጨምሩልን፣ የትኛው ባንክ ውጭ አገር ኤቲኤም ላይ ስንት እንደሚቆርጥ። ባንኮቹን ጠይቃችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፣ የማይመልስ ካለም አልመለሰም ብላችሁ ጻፉት። የአክስቴን ስቴትመንት ስሟንና ቁጥሩን ሸፍኜ ልልክላችሁ ፈቃደኛ ነኝ፣ እሷም እሺ ብላለች። በሚቀጥለው የትንሣኤ ጉዞ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ቢወጣ ደግሞ ብዙ ሰው ይደርስለታል።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ማርቆስ