ቀለህ ጥይት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ቅዳሜ ጋዜጣችሁን እንደ ወትሮው አራት ኪሎ ከሚያዞረው ልጅ ገዛሁ። ማኪያቶዬን ይዤ ስለ አደን የወጣውን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጥሩ ተጽፏል። ፎቶው ሥር ስደርስ ግን ስኒዬን አስቀመጥኩ። «በአደኑ ቦታ ወድቀው የተገኙ ጥይቶች» ይላል። ፎቶው ላይ ያሉት ጥይት አይደሉም፣ ቀለህ ናቸው። አፋቸው ክፍት ነው፣ ባዶ ናቸው። የአንዱ ውስጥ እንዲያውም አፈር ይታያል።

ልጄ «አባዬ፣ አሁን ለዚህ ደብዳቤ ይጻፋል?» አለችኝ። ይጻፋል። ምክንያቱም ያው ጽሑፍ ታች ወረድ ብሎ፣ ውድ ጠመንጃና ጥሩ የማነጣጠሪያ መነጽር ያለው አዳኝ አይስትም ይላል። ሁለቱ ስህተቶች ወንድማማች ናቸው። ቀለህን ከጥይት ያልለየ ሰው አዳኝ ለምን እንደሚስት ሊገባው አይችልም።

ጥይት የአራት ነገር ድምር ነው። ቀለሁ የናስ ቤቱ ነው። ውስጡ ባሩድ አለ። ቂጡ ላይ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት እሳት የምትተፋ ትንሽ ቆብ አለች። አፉ ላይ አረሩ ተሰክቷል። ሲተኮስ ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው አረሩ ብቻ ነው። ቀለሁ እዚያው ይቀራል። የቀረው ቀለህ ደግሞ ቅርጹ ተመልሶ፣ ቆቡ ተለውጦ፣ እንደገና ይሞላል። እኔ አምስት ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በዚህ ሥራ ነው።

በ1961 ዓ.ም. የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ፒያሳ፣ ወደ ዶሮ ማነቂያ መውረጃው ላይ፣ አንድ ግሪካዊ ቶርኖ ቤት ነበረው። ሙሴ ነበር የምንለው። ፊት ለፊት የስፌት መኪናና ብስክሌት ይጠገናል። ከኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ፣ ፈቃዱ በመስታወት ገብቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ ወደ ባሌና ወደ ኦሞ ለሚወርዱ አዳኞች ጥይት ይሞላል። በእጅ የምትሳብ ፕሬስ ነበረችው። የእናንተን ፕሬስ ማለቴ አይደለም፣ የብረቷን ነው።

ባሩድ የሚመዘነው በግሬን ነው። አንድ ግሬን 65 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ሙሴ ይህን ሊያስረዳኝ አንድ ጭብጥ ጤፍ ከጎረቤት አስመጣና ሚዛኑ ላይ አስቆጠረኝ። ሁለት መቶ ቅንጣት ገደማ ሆነ። ሚዛኗ ግን የግሬንን አንድ አሥረኛ ትለያለች። ሃያ ቅንጣት ጤፍ በሉት! ስንመዝን በርና መስኮት ይዘጋል። ሚዛኗ ላይ መተንፈስም ክልክል ነው። አንድ ጠዋት አነጠስኩ። እስከዚያ የመዘንኩትን ሁሉ ወደ ቆርቆሮው አስመለሰኝና ከአንድ አስጀመረኝ።

ስንት ግሬን እንደሚገባ እዚህ አልጽፍም። አንዱ ተነሥቶ ይሞክረዋል። ዛሬ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ማንም በጓዳው የሚነካካው ነገር አይደለም። አዋጁ ባይኖርም ልክ ያለፈ ባሩድ ምሕረት የለውም።

የዚህ ሥራ ምስጢር አንድ ቃል ነው፤ መመሳሰል። ጠንካራ ጥይት መሥራት ቀላል ነው። ሃያ የሚመሳሰሉ ጥይቶች መሥራት ነው ጣጣው። ቀለሁ ቁመቱ እኩል፣ ውስጡ እኩል፣ አንገቱ አረሩን የሚይዝበት ጉልበት እኩል፣ አረሩ የተሰካበት ጥልቀት እኩል መሆን አለበት። ይህ ሲሆን አንድ ተራ ጠመንጃ መቶ ሜትር ላይ ሦስት አረር በአንድ ስሙኒ ሥር ይደብቃል። ይህ ካልሆነ የመነጽሩ ዋጋ የሚጠቅመው፣ የት እንደሳቱ ጥርት አድርጎ ለማሳየት ነው።

ቀለህ ደግሞ ያረጃል። በተተኮሰና ቅርጹ በተመለሰ ቁጥር ይለጠጣል። ከቂጡ ከፍ ብሎ ውስጥ ውስጡን ይሳሳል። አንዳንዴ ከውጭ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ያወጣል፣ አንዳንዴ ምንም አያሳይም። ስለዚህ ይዳበሳል። ሙሴ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ጫፉን በሞረድ አሹሎ፣ እንደ መንጠቆ አጥፎ ሰጠኝ። ሽቦዋን ቀለሁ ውስጥ ትከታለህ፣ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ቀስ ብለህ ትጎትታለህ። ጥፍር የተሰነጠቀ ምጣድ ላይ ሲሄድ እንደሚታወቀው ነው። ቦይ ካለ ቅጭ ትላለች። ያን ቀለህ አፉን በፒንሳ ጨፍልቀህ ትጥላለህ። የሚጨፈለቀው ማንም ተሳስቶ እንዳይሞላው ነው። እንዲህ ያለው ቀለህ ጠመንጃው ውስጥ ለሁለት ተቆርጦ፣ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመጣ ይችላል። እኔ እስከ ዛሬ ያቺን ቅጭታ በጣቴ አውቃታለሁ። የልጅ ልጄ የሰበረውን ብርጭቆ ስነካ እንኳ ትመጣብኛለች።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ጥር 1964 ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ባሌ ለደጋ አጋዘን ሊወጣ ሃያ ጥይት አዝዟል። ጠመንጃው ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት የሚባለውን ይጎርሳል፣ አሜሪካኖች በ1906 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው ያወጡትን። ያን ጊዜ የእኛ ሠራዊት የሚይዘው ጋራንድ ጠመንጃም ይህንኑ ጥይት ነበር የሚጎርሰው። ደንበኛው ባመጣው ቆርቆሮ ውስጥ ታዲያ የአደን ቀለህና የወታደር ቀለህ ተቀላቅሏል። ቂጣቸው ላይ ያለውን ጽሕፈት እያነበብኩ መለየት ነበረብኝ። ዕለቱ ከተራ ነው። ጓደኞቼ ጃን ሜዳ እየጠበቁኝ ነው። ካሊፐር፣ መለኪያውን፣ አደረግሁባቸው፣ ቁመታቸው አንድ ነው። ይበቃል አልኩና ሞላሁ።

ባሌ አብሬ ሄድኩ፣ ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት አጋዘኑን አየነው። አስታ ቁጥቋጦ መሀል ቆሟል፣ ሁለት መቶ ኀምሳ ሜትር ይሆናል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ሳይንስ ራሱ ስም ያወጣለት በ1910 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያን ያህል ደጋው ደብቆት የኖረ ነው። ሰውየው ተኝቶ፣ ከረጢት ላይ አስደግፎ፣ ተረጋግቶ ተኮሰ። ከእሱ ምንም ጥፋት አላየሁም። አጋዘኑ ጀርባውን ጎብጦ ጠፋ። ደሙን እየተከተልን እስከ ማታ ሄድን። ጭጋግ ወረደብን። በማግስቱ ስናገኘው ጅብ ቀድሞናል። የቀረው ቀንዱና የአንድ ጎኑ ቆዳ ነው። አስጎብኚያችን፣ የአካባቢው ሽማግሌ፣ ጎንበስ ብለው አዩትና ምንም ሳይሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ በቅሏቸው ሄዱ።

አዲስ አበባ ስንመለስ ሙሴ የቀሩትን ጥይቶች ይዞ ሱሉልታ ወሰደኝ። መቶ ሜትር ላይ አምስት ተኮሰ። ሦስቱ ተቃቅፈው ተቀመጡ። ሁለቱ አራት ጣት ወደ ላይ ሄዱ። አራት ጣት በመቶ ሜትር፣ በሁለት መቶ ኀምሳ አንድ ስንዝር ነው። ቤት ገብተን ሁለቱን ዓይነት ባዶ ቀለሆች ሚዛኗ ላይ ግራና ቀኝ አስቀመጠ። የወታደሩ ወደ ታች ወረደ። ውጫቸው አንድ ነው፣ ውፍረቱ ግን ወደ ውስጥ ነው። ጓዳው ጠቧል ማለት ነው። ያው ባሩድ በጠባብ ጓዳ ሲነድ ግፊቱ ይበረታል፣ አረሩም መንገዱን ይለውጣል። ሙሴ አልተቆጣኝም። ሚዛኗን እንደዚያው ትቶ ቡና ሊጠጣ ወጣ። እኔ ሳነሣት መሽቶ ነበር።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ በአጭሩ ልጥቀሰው። ጽሑፋችሁ ባሌንና ኦሞን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠርቷቸዋል። ለጥይት ግን ሁለት አገር ናቸው። ባሌ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ አረር ብዙ አይደክምም። ኦሞ ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ደግሞ ባሩዱን ያስቆጣዋል። ዝናር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጥይት ከተኮሱ በኋላ ቀለሁ አልወጣ ብሎ መቀርቀሪያውን በመዳፍ የሚደበድብ አዳኝ አይቻለሁ። ሙሴ ጥይቱን በጥላ፣ በጨርቅ ጠቅልለው እንዲይዙ ይመክር ነበር። የሚሰማው ጥቂት ነው።

ቀለህን መናቅ የኛ ባህልም አልነበረም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት ከአሞሌ ጋር ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሄድ ነበር። አያቴ የውጅግራ ጠመንጃውን ቀለሆች እንደ ጌጥ በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ እንደነበር አባቴ ነግሮኛል። ገበያ ሲሄድ የሚቀበለውን ጥይት ጆሮው ሥር ወዝወዝ ሳያደርግ አይወስድም ነበር አሉ። ባሩድ ይሁን አመድ በድምፁ ይለያል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም የፎቶውን መግለጫ «ቀለሆች» ብላችሁ አርሙልኝ። ውድ ጠመንጃ አይስትም ያላችሁትንም አንሡልኝ፤ የሚያነበው ወጣት ገንዘቡን መነጽር ላይ ጨርሶ እንስሳ አቁስሎ ይመለሳል።

ያቺ የባሌዋ ቀለህ መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልልክላችሁ ፖስታው ውስጥ ከትቻት ነበር። ልጄ አወጣችው። «በራቸው ላይ ፍተሻ አለ፤ ፈታሹን ምን ልትለው ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፈታሹም ጥይት ነው የሚላት።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ ቶርኖ ሠራተኛ፣ ከአራት ኪሎ