እንጨት ይበሰብሳል የሚለው ሰበብ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአገራችን የአንድን መምህር፣ ሐኪም ወይም አርበኛ መልክ ለማስታወሻ ማስቀረት ሲታሰብ ትእዛዙ ከሲሚንቶና ከፋይበር ግላስ፣ ገንዘቡ ከተገኘም ከነሐስ አያልፍም። የሰው መልክ በእንጨት የምቀርጽ ባለሙያ እንደመሆኔ አዛዦች ለምን ከእንጨት እንደሚሸሹ ስጠይቅ የማገኘው መልስ «እንጨትማ ይበሰብሳል» የሚል ነው። ይህ አባባል ከእውነት የራቀ ስለሆነ ጥቂት ለማለት ወድጃለሁ።

በካይሮው የግብፅ ሙዚየም ካአፐር የተባለ የጥንት ሹም ሐውልት ይገኛል። ቁመቱ 112 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የተቀረጸውም እኛ ከምናውቀው ከሾላ ወገን ከሆነ ዛፍ ነው፤ ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ ይሆናል። ቀራፂው ክንዶቹን ለየብቻ ሠርቶ የገጠማቸው ሲሆን፣ የዓይኖቹን ዙሪያ በመዳብ ከብቦ ብሌናቸውን ብርሃን ከሚያሳልፍ የጠራ ድንጋይ ስላበጀው፣ ጉንጩ የሞላና ቦርጩ የገፋው ይህ ሰው የሚያየውን ሁሉ መልሶ የሚያይ ይመስላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 ሳቃራ በተባለው የጥንት መቃብር ስፍራ በፈረንሳዊው የጥንታዊ ግብፅ ተመራማሪ በኦጉስት ማሪየት ቁፋሮ ሲገኝ፣ ሠራተኞቹ የመንደራቸው ጭቃ ሹም ቁርጥ ሆኖባቸው «ሼኽ አልበለድ» አሉት፤ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል። እግሮቹ በኋላ ዘመን መጠገናቸው አይካድም፤ ፊቱ ግን በደረቅ መቃብር ውስጥ ስለቆየ ደኅና ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨቶች ከስምንት መቶ ዓመታት በላይ የቆዩት ዋሻው ከዝናብ ስለጋረዳቸው ነው። በአንጻሩ ለጀግኖችና ለታላላቅ ሰዎች መታሰቢያ የሚቆመው ዋካ የተባለው የኮንሶ የእንጨት ሐውልት ሜዳ ላይ ስለሚተከል ዝናብ፣ ፀሐይና ምስጥ ይፈራረቁበታል፤ ሌባም አልማረውም። ዋካ የሟቹን ፊት ቁርጥ አድርጎ የማሳየት ዓላማ የለውም፤ ማንነቱ የሚታወቀው በግንባሩ ጌጥ፣ በጎኑ በቆሙት ሚስቶቹና በገደላቸው ጠላቶች ወይም አራዊት ነው። ሆኖም ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በመዘገበው በዚያ ምድር ሰውን በእንጨት ማስታወስ ነባር ወግ መሆኑን ያየ ሰው፣ ጥበቡን ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ነው ሊል አይችልም።

እንግዲህ የሚወስነው የእንጨቱ ማረፊያ ነው። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወይም የሆስፒታል መግቢያ አዳራሽ ዝናብ አይገባውም።

ይልቅ አዛዦች ሊጠይቁን የሚገባው ስለ መሰንጠቅ ነበር። እንጨት ሲደርቅ በዙሪያው የሚሸማቀቀው ከእምብርቱ ወደ ውጭ ከሚሸማቀቀው እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ድፍን ግንድ እርጥብ ሳለ ከተቀረጸ ስንጥቁ አንዳንዴ ግንባር ላይ፣ አንዳንዴም አፍንጫ ላይ ይወጣል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ግንዱን ሰንጥቆ እምብርቱን ማስወጣት፣ ጀርባውን መቦርቦርና በጥላ ሥር ማድረቅ። በነባሩ የአናጺዎች ልማድ ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይታሰባል። በሦስት ሳምንት ለምረቃ እንዲደርስ የሚታዘዝ የፊት ቅርጽ ከዚህ ሥርዓት ጋር አይሄድም፤ ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ የደረቀ ዋንዛ ወይም ጽድ በእጁ መኖሩን ማረጋገጥ የአዛዡ ፋንታ ነው። ወይራም ያምራል፤ መሮን ግን ያደክማል፣ መሰንጠቅም ይወዳል።

ሌላው ችግር ፎቶግራፍ ነው። ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሲሆን፣ ከፊት የተነሣ ፎቶ የአፍንጫን ከፍታም የአገጭን አወጣጥም አይናገርም። ቀራፂ ሥራውን የሚጀምረው ከጎን ገጽታ ነው፤ አንዴ የተፈለጠ እንጨት አይመለስምና አፍንጫና ጆሮ ላይ ትርፍ ትቶ ቀስ በቀስ ይጠጋል። ከጎን የተነሣ አንድ የሠርግ ፎቶ ከአሥር ጉርድ ፎቶ ይበልጣል። ደግሞም እባካችሁ «ይለስልስ» እያላችሁ አታስጨንቁን፤ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ጉንጭ የማንም ጉንጭ ነው፣ የመሮው ፈለግ ሲቀር ግን ብርሃን ይይዛል።

የመታሰቢያ ኮሚቴዎች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ «ከነሐስ ወይም ከፋይበር ግላስ» ብለው በሩን ከመዝጋታቸው በፊት፣ ሐውልቱ የሚቆመው ደጅ ነው ወይስ ቤት ውስጥ የሚለውን እንዲያስቀድሙ እጠይቃለሁ። ቤት ውስጥ ከሆነ እንጨትም ከነዋጋውና ከነጊዜው በእኩል ይወዳደር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንጨት ቀራፂ፣ ከአዲስ አበባ