መጻሕፍታችንን ከውኃ ላወጣችሁልን ሁሉ

ይድረስ ለሰፈራችን ሰዎች፣ ለወላጆችና ለተማሪዎቼ፣

የባሕር ዳርን የነሐሴ ዝናብ ለእናንተ አላወራም። ያን ሌሊት የትምህርት ቤታችን አሸንዳ በቅጠል ተደፍኖ ኖሮ ውኃው በግድግዳው በኩል ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥበቃችን ጋሼ ደውለው «ልጄ፣ መጻሕፍትሽ እየዋኙ ነው» አሉኝ። እኔ እስክደርስ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ባትሪያቸውን በጥርሳቸው ይዘው ግማሹን ጠረጴዛ ላይ አውጥተውት ነበር። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አንድ ብር ያልተቀበለው ባለባጃጅ፣ ዕድሜ ይስጥህ። የሰርግ ዕቃ የሚያከራዩት ወንድማችንም መጋዘናቸውን ከነጠረጴዛው ለቀቁልን። «ፍልሰታ ነው፣ ሰርግ የለም፤ ጠረጴዛውም ሥራ ፈቷል» ነበር ያሉት። ርጥብ መጽሐፍ በሁለት ቀን ውስጥ መሻገት ስለሚጀምር ያ ቦታ ባይገኝ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ደብዳቤ ነበር።

ፀሐይ የለም፤ ብትኖርም መጽሐፍ ታጣምማለች። ስለዚህ እናቶች መጻሕፍቱን ገልጠው አቆሙ፣ በየገጹ መሐል ሶፍት አስገቡ፣ ሲርስ እያወጡ ደረቅ ተኩ። ፀጉር ቤቱ ሁለት ቬንትሌተር አዋሰን። መብራት ሲሄድ ልጆቹ በካርቶን ያራግባሉ። አራት ቀን እንዲህ ሆነ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያላቸው አትላሶች ግን ገጻቸው ተጣብቆ እንደ ጡብ ደረቁብን። እነሱን ማዳን አልተቻለም።

ከዘጌ የመጡ የአንድ ተማሪ አያት ጉዱን ቆመው አዩና «በገዳም መጽሐፍ በቆዳ ማኅደሩ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እናንተ ተምራችሁ ከእግር ሥር ታኖሩታላችሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን የታችኛው ረድፍ ባዶ ነው። ትንንሾቹ ከፍ ወዳለው እንዲደርሱ ደግሞ አናጺያችን ሁለት በርጩማ በነጻ ሠራላቸው።

ሳልናዘዝ የማላልፈው ነገር አለ። መጻሕፍቱ በሞዴል 19 (በንብረት መቀበያ ደረሰኝ) ገቢ ሆነው በእኔ ስም የተመዘገቡ ንብረት ናቸው፤ አንድ ቢጠፋ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። በዚህ ፍርሃት ለዓመታት ልጆቹን እዚያው አስነብቤ፣ ቆጥሬ፣ ቆልፌ ስሄድ ኖሬያለሁ። ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ተብዬ የምሠራው የጥበቃ ሥራ ነበር (ጋሼ ይቅር ይበሉኝ፤ እርሳቸው ከእኔ ይልቅ ለጋስ ናቸው)። በሰኔ መጨረሻ አንዲት የአማርኛ መምህርታችን «ክረምቱን ሙሉ ለማን ነው የምትቆልፊው? ለአይጥ ነው?» ብላ ጨቀጨቀችኝ። ሳልወድ በግዴ 64 የተረት መጻሕፍት ለልጆቹ አዋስኩ። ደብተሬ ላይ «ያልተመለሱ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ፤ ማታ ማታም ስቆጥራቸው እንቅልፍ አጣሁ።

የተረት መጻሕፍት ቦታቸው ትንንሾቹ እንዲደርሱባቸው ታች ነበር። ውኃው መጀመሪያ የገባው እዚያ ነው። ልጆቹ ባይወስዷቸው ኖሮ አንድም አይተርፍም ነበር። በቀይ የጻፍኳቸው 64ቱ ብቻ ጠብታ አልነካቸውም። መምህርት፣ ክርክሩን አሸንፈሻል፤ በሰው ፊት እናገራለሁ ብዬሽ ነበር፣ ይኸው።

ልጆቹ ወሬውን ሲሰሙ በማግስቱ በፌስታል እየጠቀለሉ ይዘዋቸው መጡ። አንዷ «ቲቸር፣ መደርደሪያሽ ባዶ እንዳይሆን» አለችኝ። መጽሐፉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ እናቷ ከዝናብ ስትሸሽገው ክረምቱን በመሶብ ውስጥ ከርሟል። ክፍሉ እስኪደርቅ እናንተው ዘንድ ይቆዩ ብዬ መለስኳቸው። መሶቧም ትመስገን።

አዲሱ ዓመት ሲገባ ከቀለም ቅቡ በኋላ እንከፍታለን። የመመለሻው ቀን መስከረም 10 ነው። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ብቻ ቀድሞ መጥቶ አልጨረስኩም አለኝ። ማታ ማታ ለአያቱ ነው የሚያነብላቸው፤ እሳቸው ደግሞ መሐል ላይ ይተኛሉና በማግስቱ ካቆሙበት ያስደግሙታል። ለእሱ እስከ መስቀል ጨምሬለታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ