የድሮን ፈቃድ ካሜራውን ብቻ ሳይሆን የሬዲዮ ማሰራጫውንም ይመልከት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከአያት እስከ ለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ በተዘረጉት አዳዲስ ሰፈሮች ድሮን ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ሰርግ የሚቀርጹ ወጣቶች፣ ቦታና ቤት የሚያሻሽጡ ሰዎች፣ የሥራቸውን ሂደት ከላይ ማሳየት የሚፈልጉ ተቋራጮች ይጠቀሙበታል። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ብዙዎች ያውቃሉ፤ ስለ ፈቃዱ በተነሣ ቁጥር ግን ወሬው ሁሉ ካሜራው ምን ሊቀርጽ ይችላል በሚለው ላይ ይቆማል። ለብዙ ዓመታት በሬዲዮ መገናኛ ጥገና ላይ የሠራሁ እንደ መሆኔ፣ እኔን ከካሜራው ይልቅ የሚያሳስበኝ ድሮኑ ይዞት የሚወጣው የሬዲዮ ማሰራጫና መቀበያ ነው፤ በተለይም በራዳር አቅራቢያ ሲበር።

የኤርፖርት ራዳር ኃይለኛ ሞገድ ለቅጽበት ይለቅና ከአውሮፕላኑ ነጥሮ የሚመለሰውን እጅግ ደካማ ማሚቶ ያዳምጣል። እንደ ራዳሩ ዓይነት የሞገዱ ከፍተኛ ኃይል ከአሥር ሺዎች ዋት እስከ አንድ ሚሊዮን ዋትና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ የድሮን ሪሞት የሚያሰራጨው በአብዛኛው ከአንድ ዋት በታች ነው። «ሪሞቱ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ይሠራል፣ ራዳሩ ደግሞ ከ2.7 እስከ 2.9 ባለው ውስጥ ነው፤ አይገናኙም» ሲባል እሰማለሁ። በወረቀት ላይ ልክ ነው። ይሁንና የድሮን መቀበያ ቀላልና ርካሽ ሆኖ እንዲሠራ የተደረገ ስለሆነ የጎረቤት ሞገድን አጥርቶ የማስቀረት አቅሙ ውስን ነው፤ ራዳሩ ሲቃረብ መቀበያው በኃይል ይጥለቀለቅና የራሱን ሪሞት መስማት ይሳነዋል።

ባለፈው ጥር በሰፈራችን በነበረ ሰርግ ላይ አንድ ወጣት ራሱ የገጣጠመውን ድሮን ሲያበርር አጠገቡ ቆሜ ነበር። ቦታው ከአንድ የራዳር አንቴና ብዙ አይርቅም። በስክሪኑ ላይ ምስሉ ጥርት ብሎ ይቆይና ድንገት በነጫጭ መስመሮች ይቆራረጣል፤ ወዲያው ደግሞ ይመለሳል። ወጣቱ ባትሪው መስሎት ነበር። እኔ ግን መቆራረጡ በየአራትና አምስት ሰከንዱ እኩል እየተመላለሰ መምጣቱን ሳይ፣ አንቴናው በዞረ ቁጥር ጨረሩ ድሮኑን እየመታው መሆኑን ተረዳሁ፤ የኤርፖርት ራዳር አንድ ዙር የሚጨርሰው በዚያው ያህል ጊዜ ነውና። ነገርኩት፣ አወረደው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ግን ይህንን የነገረው አንድም ሰው አልነበረም።

ግንኙነት ሲቋረጥ ድሮኑ በራሱ ወደ ተነሣበት ይመለሳል የሚለው መተማመኛም የሚሠራው ጂፒኤሱና ኮምፓሱ ጤነኛ ሲሆኑ ነው። ኃይለኛ ሞገድ በሽቦዎቹ በኩል ገብቶ እነዚህንም ሊያውክ ይችላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ፕሮፔለሮቹ በፍጥነት መሽከርከር ግድ ይሆንባቸዋል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። አቅጣጫው የጠፋበት ድሮን እዚህ ብዙ የመንገዋለል ጊዜ የለውም፤ የሚወድቀውም ሰው ላይ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የከፋው ድሮኑ ራዳሩን ሲረብሽ ነው። አንዳንድ የቪዲዮ ማሰራጫዎች ምስሉን ራቅ ወዳለ ቦታ ለማድረስ በ1.2 ጊጋ ኸርዝ (1,200 ሜጋ ኸርዝ) አካባቢ ይሠራሉ፤ ይህ የረጅም ርቀት ራዳሮች ክልል ነው። ከዚህ ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩት ማሰራጫዎችማ፣ አውሮፕላኖች ማንነታቸውንና ከፍታቸውን ወደሚናገሩበት የትራንስፖንደር ሞገድ ይጠጋሉ፤ ራዳሩ በ1,030 ሜጋ ኸርዝ ይጠይቃል፣ አውሮፕላኑ በ1,090 ይመልሳል። የአሜሪካ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 በዚህ ክልል ስለሚሠሩ የድሮን ማሰራጫዎች ለአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቤቱታ አቅርቦ ነበር። ኮሚሽኑም እ.ኤ.አ. በ2020 ሆቢኪንግ የተባለውን ሻጭ፣ ባልተፈቀዱ ፍሪኩዌንሲዎች የሚሠሩ የድሮን ቪዲዮ ማሰራጫዎችን በመሸጡ ከ2.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀጥቶታል። የአየር ጠባይ ራዳሮችም ከዚህ አያመልጡም፤ ብዙዎቹ ከ5,600 እስከ 5,650 ሜጋ ኸርዝ ሲጠቀሙ፣ በገበያ ካሉት የቪዲዮ ማሰራጫዎች አንዳንዶቹ 5,645 ላይ አስቀድሞ የተዘጋጀ ቻናል አላቸው። ገዢው ቁልፉን ሲጫን ፍሪኩዌንሲው ለማን የተመደበ እንደሆነ የሚነግረው ምልክት የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው፣ የሬዲዮ ስፔክትረምን ለሚያስተዳድረው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ድሮን እንዲገባ ወይም እንዲበር ሲፈቀድ ማሰራጫው በየትኛው ፍሪኩዌንሲና በምን ያህል ኃይል እንደሚሠራ ተጠይቆ ይመዝገብ፤ በተለይ እየተገጣጠሙ ለሚሠሩት። በራዳሮች ዙሪያ ሊበርበት የማይገባው ክልልም ሰው በሚያውቃቸው የቦታ ስሞች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለሕዝብ ይገለጽ። ይህ የጣቢያዎቹን ምስጢር ያወጣል የሚሉ ይኖራሉ። ሥጋታቸውን አልንቅም፤ ነገር ግን ሰፋ ያለ ክልል መከለሉ በውስጡ ያለውን ነገር ትክክለኛ ቦታ አይጠቁምም፤ የኤርፖርቱን ቦታ ደግሞ የማያውቅ የለም።

ይህ ሁሉ ድሮን ይከልከል ለማለት አይደለም፤ እንጀራቸውን በዚህ የሚያበስሉ ወጣቶች በሰፈሬ አሉ። የሚከለከሉበትን ቦታና ፍሪኩዌንሲ በግልጽ ያልነገርናቸውን ሰዎች በጥፋት መጠየቅ ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም። የሚቀጥለው የሰርግ ወቅት ከመድረሱ በፊት ከሦስቱ ተቋማት አንዱ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ምላሽ ቢሰጥ፣ ቆርጬ ለየቪዲዮ ቤቱ የማድለው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የሬዲዮ መገናኛ ባለሙያ፣ ከአያት አካባቢ