ቅጠሉን ገልብጠው ያዩ ልጆች፦ የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በክበባት ምዝገባ ቀን ጠረጴዛችን ላይ የነበረው አንድ የፈርን ቅጠል ብቻ ነው። የሚያልፈው ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ይለን ነበር። ጎረቤቶቻችን የድራማ ክበብ ሙዚቃ ከፍተዋል፤ የፈጠራ ክበብ አምፖል ያበራል። እንዲያም ሆኖ 19 ልጆች ተመዘገቡ። 14ቱ ዓመቱን አብረውን ጨርሰዋል።

ስብሰባዎቻችንን አንድ በአንድ አልዘረዝርም። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተገናኘን፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ መረጥን፣ ተረኛ መደብን። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ።

ዓመቱን ሙሉ በአንድ የፈርን ጂነስ (የቅርብ ዘመድ የሆኑ ዝርያዎች ስብስብ) ላይ መቆየታችን ጥያቄ ስላስነሳ ምክንያቱን ላስረዳ። በፊት በፊት ያገኘነውን ተክል ሁሉ እየሰበሰብን ስም እንሸመድድ ነበር። ልጆቹ ስሙን ያውቁታል፤ ተክሉን ግን ሌላ ቦታ ቢያዩት አይለዩትም። ስለዚህ ዘንድሮ አንዱን በደንብ እንወቀው ብለን አዲያንተምን መረጥን። ከ200 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ የሚመደበውም ፕቴሪዳሴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ነው። መልኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዘንጉ ቀጭን፣ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ቅጠሎቹ ደግሞ እንደ ትናንሽ ማራገቢያ የተዘረጉ ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራችን «ፈርን አምጡ» የሚል ነበር። ሰባት ልጆች አንድ ዓይነት ተክል ይዘው መጡ፤ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ያለውን፣ ሁላችንም ፈርን የምንለውን። ተክሉ አስፓራገስ ነው። ያብባል፣ ፍሬም ያፈራል። ፈርን ግን አበባም ዘርም የለውም፤ የሚራባው በስፖር፣ ማለትም እንደ ዱቄት በደቀቁ የመራቢያ ቅንጣቶች ነው። ልጆቹ ሊያምኑኝ አልቻሉም። ሄደን ቅርንጫፎቹን ገለጥ ገለጥ ስናደርግ ቀይ ፍሬ ተገኘና ክርክሩ እዚያው አበቃ።

አሁን ወደ ጉዟችን ልምጣ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ወደሚንጠባጠብበት ቋጥኝ በእግራችን ሄድን። አዲያንተም እንዲህ ያለ ጥላና እርጥበት ያለበት ቦታ ይወዳል። ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ተንጠልጥሎ አገኘነው። መጀመሪያ ውሃ አፈሰስንበት። ውሃው ቅጠሉ ላይ ድቡልቡል ዶቃ ሆነና ተንከባልሎ ወረደ። ቅጠሉ ደረቅ ነው! ደጋግመው አፈሰሱበት፤ ያው ነው። አዲያንተም የሚለው ስም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የማይርስ» ማለት እንደሆነ የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። በ1753 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ ስሙን በዕፅዋት ምደባው ውስጥ ሲያሰፍረው፣ ቃሉ ራሱ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ለልጆቹ «የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ታች ይታጠፍና የስፖር ከረጢቶቹን ይሸፍናል» ብያቸው ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለች፤ እስከዚያ ቀን በክበቡ ውስጥ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ ቅጠሉን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እጥፋቱን በመርፌ ጫፍ ቀስ ብላ መለሰችው። ሌንሱን ዓይኗ ላይ እንደያዘች ብዙ ቆየች። ከዚያ «ቲቸር፣ ከሥሩ ባዶ ነው» አለችኝ። «ከረጢቶቹ ያሉት እጥፋቱ ራሱ ላይ ነው።»

አጎንብሼ አየሁ። ልክ ናት። ቡናማ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሱ ከረጢቶች በእጥፋቱ የውስጥ ገጽ ላይ ተሰልፈዋል፤ ከሥሩ ያለው ቅጠል ላይ አንድም የለም። አዲያንተም ከሌሎች ፈርኖች የሚለይበት ትልቁ ምልክት ይኸው ነው። የቅርብ ዘመዱ ፕቴሪስም ጠርዙን ያጥፋል፤ የእሱ እጥፋት ግን ክዳን ብቻ ነው፣ ከረጢቶቹ ያሉት ከክዳኑ ሥር ነው። ይህች ልጅ ያንን ልዩነት ማንም ሳይነግራት፣ እንዲያውም መምህሯ በደፈናው ከነገራት በተቃራኒ፣ በገዛ ዓይኗ አገኘችው። ሁሉንም ልጆች ጠራኋቸው። እሷ ራሷ አስረዳቻቸው። እንባ እንባ አለኝ፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄው በዛ። «ቅጠሉ ያልተከፋፈለ አዲያንተም አለ?» አዎ፤ አዲያንተም ሬኒፎርሜ ቅጠሉ አንድ ወጥ፣ የኩላሊት ቅርጽ ያለው ነው። «በዲኤንኤ ሲታይ የቅርብ ዘመዶቹ እነማን ናቸው?» መልሱ እኔንም ሁሌ ይገርመኛል። ቪታሪያና መሰሎቹ ናቸው፤ ዛፍ ላይ እንደ ሣር ተንዠርግገው የሚበቅሉ ፈርኖች። ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ማንም ዘመድ አይላቸውም። በመልክ ብቻ መመደብ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ልጆቹ በዚህ ምሳሌ ለሁለት ሳምንት ተከራከሩ።

ያልተሳካልንም አለ። የመጀመሪያዎቹን ስፖሮች የዘራንባቸው ማሰሮዎች ሁሉ ሻገቱ። በጋዜጣ መሀል ካደረቅናቸው ናሙናዎች ግማሽ ያህሉ፣ የሚቀመጡበት መዝጊያ ያለው ቁምሳጥን ስለሌለን እርጥበት በላቸው። ማይክሮስኮፑ አንድ ነው። በመብራቱ ሙቀት ከረጢቶቹ እየደረቁ ሲሄዱ ወደ ኋላ ተለጥጠው፣ ድንገት ተስፈንጥረው ስፖሩን ሲበትኑ አይተናል። ስድስት ልጆች ካዩ በኋላ አምፖሉ ተቃጠለ። የቀሩት ስምንቱ እስከ ዛሬ አላዩም፤ አምፖሉ የተጠየቀው በሁለተኛው ወር ነው። ለ14 ልጅ ያለን ሌንስም ሁለት ብቻ ነው። ያንን የቅዳሜ ግኝት ያገኘነው በተራ ስንቀባበል ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ሌንስ ቢኖር ምን እንደሚገኝ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች አስቡበት።

ሁለተኛውን ዙር ስፖር ስንዘራ አፈሩ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሰን፣ ሲቀዘቅዝ ዘርተን፣ ማሰሮዎቹን በስስ ፕላስቲክ ሸፈንናቸው። አሁን የቤተ ሙከራው መስኮት ላይ ናቸው። ውስጣቸው ከጥፍር ያነሱ፣ የልብ ቅርጽ ያላቸው አረንጓዴ ቅጠል መሳዮች ሞልተዋል። እነዚህ ገና ፈርኑ አይደሉም፤ ፈርኑ የሚወለደው እነሱ ላይ የሚፈጠሩት ወንዴና ሴቴ ሕዋሳት ሲገናኙ ነው። ወንዴው ሕዋስ ወደ ሴቴው የሚደርሰው በውሃ ላይ ዋኝቶ ስለሆነ፣ ከደረቁ ፈርኑ አይወለድም። ለእረፍቱ ወራት ውሃ የሚረጩ ተረኞች ስም ዝርዝር በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ሁሉም ፈርመዋል። የቀረን የቤተ ሙከራው ቁልፍ ቅጂ ነው። ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት እንዲሰጠን በዚሁ አጋጣሚ እጠይቃለሁ።